ለእማዬ የታጠረው ማገጥ

ባለፈው ሳምንት የግቢዬን ሣር የሚያጭድልኝ አትክልተኛ ጥግ ላይ ቁጢጥ ብሎ አንድ ነገር ሲነቅል አገኘሁት። ምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «እትዬ፣ ማገጥ ገብቶበታል እኮ! ዝም ካሉት ሣሩን ይበላዋል» አለኝ። የነቀለውን እፍኝ ቅጠል ተቀብዬ አሸተትኩት። ሦስት ሦስት ሆነው የበቀሉት ትንንሽ ቅጠሎች ገና እርጥብ ነበሩ። በቃ፣ እዚያው እንደቆምኩ ዓይኔ እንባ ሞላ። «ተወው፣ አትንካው» አልኩት። «አረም ነው እኮ እትዬ» ሲለኝ፣ «አረሙን ተወው አልኩህ!» ብዬ ጮህኩበት። ምስኪን፣ ክው አለ። በኋላ ሻይ አፍልቼ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም። ከየት ተጀምሮ ይነገራል?

የሚጀመረውስ ከነገሌ ቦረና ነው። ልጅ እያለሁ፣ ደርግ ወድቆ አገር መረጋጋት በጀመረባቸው ዓመታት፣ ቤታችን ከገበያው ዝቅ ብሎ ከመንገድ ዳር ነበር። አባዬ ወልዴ ከፊት ለፊቱ ሱቅ ነበረው። ስኳሩም፣ ዘይቱም፣ የባትሪ ድንጋዩም፣ የጭነት ገመዱም እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንድ ላይ ተጋፍፎ ይኖራል። የነገሌን አቧራ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቀይ ነው፣ ነጭ ልብስ አይወድም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከጉልበታችን በታች ሁላችንም አንድ ዓይነት ቀለም ነበርን። ቆርኪ እንጫወታለን፣ ሰኞ ማክሰኞ እንዘላለን፣ ግመሎች ሲያልፉ ደግሞ ጨዋታችንን ረግጠው እስኪያልፉ ጥግ ይዘን እንቆማለን። ግመል መቼም ለማንም መንገድ አይለቅም።

ስሜ ዘነበች ነው። ሰማዩ ከርሞ ከርሞ ዝናብ በጣለበት ቀን ስለተወለድኩ ነው እንዲህ የተባልኩት። ጎረቤታችን አባ ቦሩ ግን ስሜን ወደ ቋንቋቸው መልሰው «ሮቤ» ይሉኝ ነበር፤ እማዬንም «ሃዳ ሮቤ»፣ የሮቤ እናት። ቦሩ የበኩር ልጃቸው ስም ነው፤ ቦረና ትልቅ ሰውን በልጁ ነው የሚጠራው። አባ ቦሩ ከአሬሮ በኩል ጥቂት ከብት ይዘው መጥተው ከጓሯችን ማዶ የሰፈሩ፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ሱቃችን ደጃፍ ቆመው «ናጋ?» ሳይሉን፣ የሰውንም የከብቱንም ሰላም ተራ በተራ ሳይጠይቁን ቀኑ አይጀመርም ነበር።

እማዬ አስካለች ከጉመር ናት። ሙሽራ ሆና ነው ነገሌ የመጣችው። ስለ ልጅነቷ ስታወራ ሁልጊዜ የምትጀምረው ከጀፎረ ነው። ጀፎረ ማለት በጉራጌ መንደር ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተያይተው ሲሠሩ መሃላቸው ላይ የሚተው ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። «ክረምቱ ሲወጣ ማገጥ ይለብሳል፤ ቁጭ ስትዪበት ከፍራሽ ይበልጣል» ትለኛለች። «ልጅ ይቦርቅበታል፣ ሽማግሌ ያስታርቅበታል። ሰርግም እዚያ ነው፣ ለቅሶም እዚያ ነው።» ከዚያ በራችን ላይ ቆማ ያንን ቀይ አቧራ ታይና፣ «ይሄ ደግሞ ደጅ ነው? ቤት ብቻውን በረሃ ላይ የተጣለ!» ትላለች። እየሳቀች ነበር የምትለው፤ እኔም ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ልቧ የታመመው እኔ ፊደል ስቆጥር ነው። መጀመሪያ ውሃ መቅዳት ተወች፣ ቀጥሎ ገበያ መውጣት፣ ከዚያ ጮክ ብሎ መሳቅ። ሐኪሙ አባዬን ለብቻው ጠርቶ ደጋ እንዳትወጣ፣ ረጅም መንገድም እንዳትሄድ፣ መንገዱ ብቻውን ሊገድላት እንደሚችል ነገረው። ከነገሌ ጉመር ደግሞ የዚያን ጊዜውን ኮረኮንች ታስታውሱታላችሁ፤ ጤነኛውንም አሳምሞ ነው የሚያደርሰው። እንግዲህ ለጉራጌ መስቀል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የትም ይሁን የት፣ መስከረም ሲገባ ሱቁን ዘግቶ ወደ እናቱ ቤት ይገሰግሳል። አባዬም እየከፋው ይሄድ ነበር። እማዬ ግን ትቀራለች። የመስቀል ዕለት አናቴን ቅቤ ቀብታ፣ አዲስ ቀሚስ አልብሳ፣ ራሷ ደፍ ላይ ትቀመጥና መኪኖቹ በሄዱበት በኩል ታያለች። ያን ጊዜ ልጅ ነኝና መኪና የምትቆጥር ይመስለኝ ነበር።

አንድ ዓመት አባዬ ከመስቀል ሲመለስ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አንድ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጆንያ አወረደ። ውስጡ በኮባ የተጠቀለለ፣ ከነአፈሩ የተቆረጠ የጉመር ማገጥ ነበር። በየከተማው አውቶቡሱ ሲቆም እየወረደ ውሃ ያርከፈክፍበት ነበር አሉ። ተሳፋሪው ሁሉ፣ «ጉራጌው መሬቱን ነቅሎ መጣ! ቀጥሎ ተራራውን ይጭናል!» እያለ ነገሌ እስኪገባ ሲስቅበት መጥቷል። እሱም «ሳቁ፣ ሳቁ» ይላቸዋል። እማዬ ኮባውን ፈታችው። ጎንበስ ብላ አፈሩ ውስጥ ፊቷን ቀበረች። ቀና ስትል አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ጭቃ ነበረባት። አባዬ በአውራ ጣቱ ጠረገላትና ዶማ ፍለጋ ወደ ጓሮ ሄደ።

ከደፉ ፊት ለፊት፣ እማዬ ተቀምጣ በምታይበት በኩል፣ መሬቱን ቆፍሮ፣ ፍግ ደባልቆ ተከለው። የነገሌ የመከር ዝናብ ሃገያ ያን ሰሞን ስለጣለ ማገጡ ሥር ያዘ፤ እየተሳበም አጠገቡ ያለውን ቀይ መሬት ቀስ በቀስ ሸፈነ። ፍየሎችና አህዮች ወሬውን ለመስማት ጊዜ አልፈጀባቸውም። አባዬ የግራር እሾህ እየጎተተ ዙሪያውን አጠረው፤ በሩንም በእሾህ ዘጋው። ከዚያ ሕግ ወጣ፤ ማንም አይረግጠውም። እኔም፣ ዶሮዎቹም፣ እማዬም።

«እስቲ ትንሽ ልቀመጥበት» ትለዋለች።

«ይሰበራል፤ ገና ለጋ ነው። ይጠንክር» ይላታል። «ለመስቀል ትቀመጪበታለሽ። ለከርሞ አልሄድም። መስቀልን እዚሁ በደጃችን ነው የምናከብረው፤ አንቺ መሃል ላይ ትቀመጫለሽ፣ እንግዳው ዙሪያሽን።»

«እናትህስ ምን ይላሉ?»

«ይቆጡ!»

አባዬ እናቱን የሚፈራ ሰው ነው። ስለዚህ እማዬ ነገሩ የምር መሆኑን አወቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ሁሉ ነገር ለመስቀል ተቀጠረ። እህል ውሃዋ ሲዘጋ፣ «ለመስቀል እኮ ትቀመጪበታለሽ» እላታለሁ፤ አንድ ጉርሻ ትጨምርልኛለች። ክኒኗን አልውጥ ስትል አባዬ በመስኮቱ ወደ ማገጡ ይጠቁማታል። እውነቱን ለመናገር እኛ ስለ ሣር አልነበረም የምንጨነቀው። ያ ሣር እስከ መስቀል ከቆየ እማዬም ትቆያለች ብለን አምነን ነበር። ይህን ግን አንዳችንም ለሌላው አልተናገርንም።

ከበጋው በኋላ ሊጥል የሚገባው ትልቁ ዝናብ፣ ቦረና «ገና» የሚሉት፣ ያን ዓመት ቀረ። ቦኖው ጋ የጀሪካኑ ሰልፍ እስከ መንገድ ይደርስ ጀመር። በአህያ የሚመጣው ውሃም የሚቀመስ አልሆነም። ከሊበን ገጠር ከብት እየተነዳ ወደ ከተማው ዳር መጣ፤ ስንቱ ከመንገድ ቀረ። አባዬ ግን ማገጡን አልተወም። ፊታችንን የምንታጠበው እሾሁ አጠገብ ቆመን ነው፤ ውሃው ከአገጫችን እዚያው እንዲወርድ። የሩዝ እጣቢ፣ የጎመን እጣቢ፣ የእግር መታጠቢያ፣ ሁሉም የማገጡ ነው። እኔ አፌን ተጉመጥምጬ ሌላ ቦታ ብተፋ እንኳ፣ «ዘነቡ! ምን ማባከን ነው?» ይለኛል።

የሰው አፍ መቼም አያርፍም። ሱቅ የሚመጡ ሴቶች አጥሩን እያዩ፣ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ሰው የሚጠጣው አጥቶ እሱ ሣር ያጠጣል» ይሉ ነበር። ይህን እማዬ ትሰማለች። «ተወው ወልዴ፣ ያሙናል፤ ደግሞም እውነታቸውን ነው» ስትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የራሱን የመጠጥ ውሃ ግማሹን እየቀነሰ እንደሚያፈስስበት ግን እኔ አውቅ ነበር፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበርና።

አጥሩን አይተው የተደሰቱት አባ ቦሩ ብቻ ነበሩ። እሾሁ ገና ሲተከል ቆመው አዩና፣ «ወልዴ ቦረና ሆነ! ካሎ አጠረ!» ብለው ትከሻውን መቱት። ካሎ ማለት ቦረና በደግ ቀን በእሾህ አጥሮ የሚያቆየው ሣር ነው። ከብቱ ሁሉ ርቆ ሲሰማራ ካሎው ባዶውን ይቀመጣል። ድርቅ ሲመጣ በሩ ይከፈትና መራመድ ያቃታቸው፣ ጥጆችና ደካሞች ይገቡበታል። ያንተ የኔ ብሎ ነገር የለም፤ የደከመ ይገባል። አባዬ ይህን አያውቅም፤ የሱ ዓለም ስኳርና ዘይት ነው። የሽማግሌ ቀልድ መስሎት አብሯቸው ሳቀ። እሳቸው በበኩላቸው በእሾህ የታጠረ ሣር ካሎ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል በሕልማቸውም አላዩም። ለመቀመጫ ብሎ ሣር የሚያጥር ሰው የት ያውቃሉ? ያን ቀን አንዱ ሌላውን አንዲት ጥያቄ ጠይቆት ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። አልጠየቁም። ሁለቱም ተሳስቀው ተለያዩ።

መስቀል ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አባዬ ለበዓሉ ሥጋና ቆጮ ሊያመጣ ክብረ መንግሥት ሄደ። እኔ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ የእሾሁ በር ወደ ጎን ተጥሎ ከሩቅ አየሁ። ቦርሳዬን ወርውሬ ሮጥኩ። አባ ቦሩ አጥሩ ውስጥ ቁጢጥ ብለው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከፊት ለፊታቸው አጥንቷ የሚቆጠር አንዲት ቀይ ጥጃ አንገቷን ደፍታ የእማዬን ማገጥ ትግጣለች። መሃሉ ተላጭቷል።

«አባ ቦሩ! ምን አደረጉ? የእማዬ ነው እኮ!»

«ኤዬ ሮቤ» አሉኝ፣ ስጦታው የእማዬ ነው ያልኩ መስሏቸው። «ጋላቶማ፣ እናትሽ ትባረክ። የዚች እናት ትናንት ወደቀች። እሷም መቆም አቅቷት በትከሻዬ ነው ያመጣኋት። እስቲ እዪ እንዴት እንደምትበላ!»

እማዬ ጩኸቴን ሰምታ ግድግዳውን እየተደገፈች ወጣች። ያንን የተላጨ መሬት አየችው። ታለቅሳለች፣ ትጮሃለች፣ ትወድቃለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ማገጡን ትታ ጥጃዋን ነበር የምታየው።

«አባ ቦሩ፣ መብላት ከጀመረች ቆየች?»

«ፀሐይ እዚያ ሳለች» ብለው በዱላቸው ሰማዩን አሳዩዋት።

«ወይኔ! ጠዋት አጠጥቼዋለሁ፤ እርጥብ ነው። ያውጧት! እርጥብ ማገጥ በባዶ ሆድ ይነፋል፣ ይገድላታል!»

አባ ቦሩ በሕይወታቸው ሙሉ ከከብት ተለይተው አያውቁም፤ ማገጥ ግን እሳቸው አገር አይበቅልም። «ሣር እንዴት ይገድላል?» ብለው ሳይጨርሱ ጥጃዋ በፊት እግሮቿ ተንበረከከች። የግራ ጎኗ ተወጥሮ ከጀርባዋ በላይ ከፍ ብሏል። ምላሷ ወጣ። አባ ቦሩ «ያ ዋቃ!» ብለው እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። እንደዚያ ያለ ትልቅ ሰው ሲርበተበት ሳይ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

እማዬ ወደ አጥሩ ገባች። «ዘነቡ፣ ዘይት! በለስላሳ ጠርሙስ ሞልተሽ!» ከዚያ ምን ያህል ፈጥኜ እንደተመለስኩ አላውቅም። አባ ቦሩ መንጋጋዋን ከፍተው ያዙ፤ እማዬ ዘይቱን አንቆረቆረችላት። እንድታኝክና አፏ እንዳይዘጋ እንጨት አጋድማ በገመድ አሰረችባት። ከዚያ መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች፣ የጥጃዋን ደረት ወደ ጭኗ ሳበችና የተነፋውን ጎኗን በሁለት እጇ ታሸው ጀመር። የአባ ቦሩ ባለቤት ሃዳ ቦሩ እየሮጡ መጥተው፣ «ተይ ሃዳ ሮቤ! ልብሽ! ለእኛ ስጪን!» ሲሏት አልሰማችም። ላብ በፊቷ ይወርዳል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። «የአባቴ ወይፈን በዚሁ ነው የሞተው» አለች እያለከለከች። «ልጅ ሆኜ። ምንም አላደረግኩለት። ዳግመኛ ዓይኔ እያየ አይሆንም!»

እኔ «እማዬ ተዪ፣ ትሙት! ትሙት ተያት!» እያልኩ አለቅስ ነበር። እውነቴን ነው፣ የዚያችን ጥጃ ሞት ተመኝቻለሁ። እናቴ እኮ ናት!

ከዚያ ጥጃዋ አገሳች። እንዴት ያለ ግሳት! ረጅም፣ ሰፈሩን የሚያሰማ፣ የታኘከ ማገጥ የሚሸት ነፋስ በቀጥታ እማዬ ፊት ላይ። አንዴ፣ ቀጥሎም ደጋግማ። እማዬ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ለዓመታት ያልሰማሁትን፣ ረስቼው የነበረውን፣ ጮክ ያለውን ሳቋን። «ዘነቡ፣ ሰማሽልኝ? የአገሬ ሽታ በጥጃ አፍ መጣልኝ!» አባ ቦሩም ሳቁ፤ እንባቸው ግን ይወርድ ነበር። እኔም በለቅሶዬ መሃል ሳቅኩ።

ጥጃዋ ስትቆም እማዬ አልተነሳችም። እግሮቿን ዘርግታ፣ ከተላጨው ዳር የቀረውን ማገጥ በመዳፏ እየዳበሰች ቆየች። የከሰዓቷ ፀሐይ ፊቷ ላይ ነበረች። እኔንም ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ ከፍራሽ ይበልጣል ያለችው እውነቷን ነው። «አየሽ፣ መስቀል ሳይገባ ተቀመጥኩበት» አለችኝ፣ እንደ እኩያዬ በሹክሹክታ። «አባትሽ እንዳይሰማ!» ቀጥላም፣ «ሥሩ አልተነካም፤ ይመለሳል» አለች። ልትነሳ ስትል እግሯ አልታዘዛት አለ። ሃዳ ቦሩና አባ ቦሩ ደግፈው አልጋዋ ላይ አስተኟት።

አባዬ በማግስቱ ቆጮውን ተሸክሞ ደረሰ። አጥሩን አየው፤ ባዶ ነው፣ ኮቴ ብቻ። ውስጥ ገባ፣ እማዬን አያት፣ ወጣ። ሸክሙን ከትከሻው ማውረድ እንኳ ረስቶ ደጅ ላይ ቆመ። አባ ቦሩ ሌሊቱን ሁሉ አልተኙም ነበር። ያ አጥር ለምን እንደታጠረ ማታውኑ እኔ ነኝ በለቅሶ የነገርኳቸው። ከአጥሩ ጥግ የተረፈውን አንድ ጭብጥ እርጥብ ቅጠል በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ አባዬ መጡ። እኛ ዘንድ በዳይ ድንጋይ እንደሚሸከመው ሁሉ ቦረናም ይቅርታ ሲለምን እርጥብ ሣር ነው የሚይዘው። ትልቁ ሰውዬ በአባዬ ፊት ጎንበስ አሉ።

«ወልዴ፣ ሣር ታጥሮ ከብት ሳይገባበት ሳይ፣ ለደካማ ያቆየው ነው ብዬ ነው» አሉት።

አባዬ ሸክሙን ከትከሻው አወረደ። ይመታቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ከዚያ ቅጠሉን ከእጃቸው ተቀበለና፣ «ልክ ነዎት አባ ቦሩ» አለ። «ለደካማ ነበር።» ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ተቃቅፈው እንደ ልጅ አለቀሱ።

መስቀል በአልጋዋ ዙሪያ ዋለ። ክትፎውን በጣቷ ጫፍ ቀመሰችልን፣ ሁላችንንም መረቀችን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሃገያ ጣለ፤ እንዲያ የተለመነው ዝናብ ያለ ልክ ጣለ። ማገጡም እንዳለችው ተመለሰ። መጀመሪያ ያቆጠቆጠውን ቅጠል ቆርጬ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ጨበጠችው። በሰንበቱ ስታርፍ ቅጠሉ ከእጇ አልወጣም ነበር፤ ሃዳ ቦሩ አብሯት ይሂድ አሉ፣ አብሯት ሄደ።

የለቅሶው ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ሲፈለግ አባዬ እሾሁን በባዶ እጁ እየነቀለ መጣል ጀመረ። መዳፉ ደምቷል። «ግቡ» ይላል ለለቀስተኛው፣ «ግቡ፣ ተቀመጡበት፣ ምንም አይሆንም።» ያሙት የነበሩት ሴቶችም ገቡ፣ ከሊበን የመጡ ቦረናዎችም ገቡ፣ የጉራጌ ነጋዴዎችም ገቡ። ዙሪያዋን ይቀመጣል ያለው እንግዳ ሁሉ መጥቶ ተቀመጠ። መሃሉ ብቻ ባዶ ነበር። ሰው ሲነሳ ከስሩ አቧራ ወጣ፤ ማገጡም ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ሰው ሁሉ የየራሱን ይላል። ሐኪሙ ያው ጊዜዋ ደርሶ ነበር አለ። አባ ቦሩ እስኪሞቱ ድረስ እኔ ነኝ የገደልኳት ይሉ ነበር። ያቺን ጥጃ ለእኔ ሰጡኝ፤ ስሟንም «ማገጤ» አሏት። ከከብታቸው ጋር አደገች፣ ወለደች፣ ልጆቿም ወለዱ። እኔ አግብቼ ሐዋሳ ከገባሁ በኋላ እንኳ ቦሩ እየደወለ «ሮቤ፣ ላምሽ ወለደች» ይለኝ ነበር። በአሁኑ ድርቅ፣ ያ የቦረናን ከብት የፈጀው፣ ደወለልኝ። «ናጋ ሮቤ?» አለኝ። ከድምፁ ገባኝ። «የማገጤ ዘር የመጨረሻዋ ዛሬ ወደቀች። ደግፌ አነሳኋት፣ ሣር አጣሁላት» አለኝ። በዚያች ሰዓት እኔ የግቢዬን ሣር በጎማ እያጠጣሁ ነበር። ቧንቧውን መዝጋት እንኳ አልቻልኩም፤ ውሃው ጫማዬ ላይ ሲፈስ ቆሜ አለቀስኩ።

አባዬ አሁን አርጅቷል፣ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ልጆቼ ሣሩ ላይ ይንከባለላሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ፣ ማንም አይቆጣቸውም። እሱ ግን ከበረንዳው ወደ በሩ ሲሄድ ከዘራውን ተደግፎ ሣሩን ዞሮ፣ በሲሚንቶው ዳር ዳር ነው የሚሄደው። ያንን የእማዬን ሳቅ፣ ማገጡ ላይ ያንን አቀማመጧን ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። «ልታጽናኚኝ ነው» ይለኛል። አላየማ!

አትክልተኛው የሄደ ዕለት አባዬን እጁን ይዤ ማገጡ የበቀለበት ጥግ ወሰድኩት። ማንም ሳይዘራው የበቀለ ነው። ጎንበስ ብዬ ጫማውን አወለቅኩለት። ሲያየው አወቀው፤ እግሩን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

«ይሰበራል ዘነቡ» አለኝ።

«ይሰበር አባዬ። ተቀመጥ።»

ቅጠሉን አየው፣ እኔን አየኝ። የደፈረሰ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እሷ ሳትቀመጥበት?» አለኝ።

«ተቀምጣበታለች አባዬ፤ ከሁላችንም በፊት። አባትሽ እንዳይሰማ ብላኝ ነበር፤ እሱን ብቻ ነው ያልነገርኩህ» አልኩት።

ከዘራውን አቀበለኝና፣ በእኔ ተደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።